እንኳን ማርያም ማረችሽ

በአገራችን አንዲት ሴት ወልዳ በሰላም ስትገላገል ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከወዳጅ የሚደርሳት የመጀመሪያው ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ነው። ከልማድ ብዛት የተነሣ ቃሉ ምን እንደሚል አናዳምጠውም እንጂ፣ ልብ ብሎ ለመረመረው ሰው ስለ ልጁ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ወንድ ይሁን ሴት፣ ይፋፋ ይኮስስ፣ ይደግ አይደግ አይጠይቅም። የሚናገረው ስለ እናቲቱ ብቻ ነው። ሞት ደጃፍ ደርሳ መመለሷን፣ መማሯን ያበሥራል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ምጥን በሕይወትና በሞት መካከል እንዳለ ቀጭን ድልድይ ይቆጥሩት ስለ ነበር፣ ያንን የተሻገረችውን ሴት በቅድሚያ ለራሷ ሲሉ ሊቀበሏት የፈለጉ ይመስላል። ልጁ የሚመረቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ቃል ከአፋችን የማይወጣላት ወላድ አለች፤ ቀኗ ሳይደርስ፣ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ወር የወለደች እናት። ልጇ ማሞቂያ ክፍል መግባቱ የተሰማ እንደ ሆነ እልልታው ይቀራል። ገንፎው አይገነፋም። ጠያቂ ቢመጣም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ እግዜር ያውቃል» ብሎ ይሄዳል። አንዳንዱም «ምን ብዬ ልግባ?» በማለት ጭራሽ ይቀራል። እንኳን ደስ ያለሽ እንዳይል ልጁ ቢሞትስ ብሎ ይፈራል፤ እግዜር ያጽናሽ እንዳይል ልጁ በሕይወት አለ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ይህ ዝምታችን ርኅራኄ ነውን ወይስ ሽሽት? መትረፉ ያልታወቀ ልጅ የወለዱ እናትና አባት ከእኛ ምን ይገባቸዋል?

ጥያቄውን አየር ላይ እንዳናንጠለጥለው ቦታ እንስጠው። ብዙዎቻችን ናዝሬት እያልን የለመድናት አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው፣ ወደ አሰላና ወደ ባሌ የሚወጣው ሁሉ ይረግጣታል። ከመተሐራ፣ ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ የጤና ጣቢያውን አቅም ያለፈ ወሊድ ሲያጋጥም አምቡላንሱ ብዙ ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው ወደዚህች ከተማ ነው፤ ወደ ቀድሞው የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ወደ ዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ። ራቅ ብሎ በስምጥ ሸለቆው ደቡብ ለሚኖረው ደግሞ ሻሸመኔ አለችለት።

እንበልና አንዲት የመቂ ሴት በሰባተኛ ወሯ ድንገት ምጥ ያዛት። አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ልጅ ወለደች። ልጁ ወደ ማሞቂያ ክፍል ሲገባ እሷ ከጥቂት ቀናት በኋላ «ድነሻል፣ ውጪ» ትባላለች። የት ትውጣ? አገሯ ሩቅ ነው፤ ጡቷን እያለበች በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ለልጁ በቀጭን ቱቦ የሚሰጠውን ወተት ማድረስ አለባት። ስለዚህ መተላለፊያው ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቢቀናት ለእናቶች በተለየች ክፍል ውስጥ ትሰነብታለች። ቤት የቀሩት ልጆቿ በጎረቤት እጅ ናቸው። ወልዳለች፤ ነገር ግን እንደ አራስ የሚያስተኛት፣ ወገቧን የሚያሥራት፣ አጥሚት የሚያጠጣት የለም። አዝናለች፤ ነገር ግን የሞተባት ስለሌለ ለቅሶ የሚደርሳት የለም። በደስታና በሐዘን ሥርዓቶቻችን መካከል ባለ ስም የለሽ ቦታ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ይህች ሴት ብቻዋን አይደለችም። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያለ ጊዜው እንደ ተወለደ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት በዓለም ላይ በዚህ ሁኔታ ተወልደዋል። ከአሥር ወሊድ አንዱ ማለት ነው። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች አንድ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት መካከል 1,109ኙ፣ ማለትም ከመቶ 29ኙ፣ 28 ቀን ሳይሞላቸው አርፈዋል። ከሟቾቹ ግማሽ ለሚጠጉት ዋናው ምክንያት ሳንባቸው ገና ሳይበስል መወለዳቸው ሲሆን፣ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ኢንፌክሽን ነው። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል። በማሞቂያው መስተዋት ፊት የምትንቀጠቀጠው እናት ፍርሃቷ የቅዠት ፍርሃት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ እኛ ከደጅ ሆነን አስቀድመን የቀበርናቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ያንን ወር አልፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ወሬ መታረም አለበት። «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም» የሚለው አነጋገር በጥንት ግሪኮች የሕክምና መጻሕፍት ሳይቀር ይገኛል፤ በእኛም ሰፈር ይሰማል። ሐሰት ነው። በማሕፀን የተጨመረች እያንዳንዷ ሳምንት የልጁን የመትረፍ ዕድል ታሳድጋለች እንጂ አትቀንስም። ነገሩ ተራ ስሕተት መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በስምንተኛ ወሯ የወለደች ሴት ይህን ከአማቷ አፍ ሰምታ በልጇ ላይ ተስፋ ስትቆርጥ፣ ተራ የተባለው ስሕተት የሰው ልብ ይሰብራል።

ከፍርሃቱ ጎን የሚቀመጠው ጸጸት ነው። ብቻዋን የተቀመጠች እናት ያለፉትን ወራት አንድ በአንድ ትመረምራለች። ጀሪካን ተሸክሜ ነው? ከሰው ተጣልቼ ነው? ያን ቀን መንገድ ባልሄድ ኖሮስ? እውነቱን ለመናገር ያለ ጊዜው የሚመጣ ምጥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ከሚታወቁት መካከል የማሕፀን ኢንፌክሽን፣ የደም ግፊት፣ መንታ እርግዝና፣ አከታትሎ መውለድ ይገኙበታል፤ በቆላማው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ወባ አለ። ከእነዚህ ሁሉ የሴቲቱ ጥፋት የሚባለው የቱ ነው? ሆኖም ጸጸት ሐኪም አያማክርም። ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብን ያስደነግጣል፤ ምግብ ያስጠላል። አንዳንዷ እናት ልጇን ማየት ያቅታታል። እጇን በመስተዋቱ ቀዳዳ አስገብታ መንካት ትፈራለች። ይህን የሚያይ ሰው «ጨካኝ ናት» ይላል። ሐኪሞቹ ግን ድባቴ፣ ጭንቀት፣ ሰቀቀን የሚሉት ሕመም መሆኑን ያውቃሉ። ልቧ ያልወደደችውን ልጅ ማጣት ባልፈራም ነበር።

እንግዲህ የዝምታችንን ጠበቆች እናዳምጥ። ቀደምቶቻችን እንዲህ ይከራከሩ ነበር፤ ልጅ በሚረግፍበት አገር ልብን ቶሎ አሳልፎ መስጠት አይገባም። ስም ቶሎ አይወጣለትም፤ ውበቱ አይነገርም፤ ቢሞት ድንኳን አይተከልም፤ «ገና እንግዳ ነበር፣ እግዜር ይተካል» ይባላል። ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ናንሲ ሸፐር ሂዩዝ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ድኾች መንደር ለዓመታት ከሠራች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ እናቶች የማይተርፍ ለመሰላቸው ጨቅላ እንባቸውን እንደሚነፍጉ፣ ልባቸውንም እንደሚያዘገዩ ጽፋለች። ክፋት ብላ አልፈረደችባቸውም። ድህነት ያስተማራቸው የመኖር ዘዴ ነው አለች።

ይህን ክርክር በንቀት ማለፍ አይቻልም። አምስት ወልዳ ሦስት የቀበረች አያት ልቧን ብትቆጥብ ማን ይፈርድባታል? ነገር ግን ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል።

አንደኛው ይኸውና። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ማሞቂያ አንሶ ሕፃናት በአንድ ላይ ሲደራረቡ የተቸገረው ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ሕፃናቱን ራቁታቸውን በእናቶቻቸው ደረት ላይ አሳሰራቸው። የካንጋሩ እንክብካቤ የሚባለው ዘዴ ከዚያ ተወለደ። በእኛም አገር ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ አድርገውት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ ዘዴ ገና ከመጀመሪያው ከተያዙት ትንንሽ ሕፃናት 22.5 በመቶ ሲሞቱ በተለመደው መንገድ ከተያዙት የሞቱት 38 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ትልቅ ጥናትም ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ በእናት ገላ ላይ መዋል የጨቅላዎቹን ሞት በሩብ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን በዚሁ መሠረት ለወጠ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። የእናት ገላ መድኃኒት ሆኗል። አያታችን ልቧን ስትቆጥብ ከልጁ የምትቀንስበት ሕክምና አልነበረም፤ ዛሬ ግን ልቧን የዘጋች እናት፣ በሐዘን የደነዘዘች እናት፣ ደረቷን ለመክፈት ያቅታታል። ስለዚህ የእናቲቱ አእምሮ ጤና ከልጁ ሕክምና ተለይቶ የሚታይ ትርፍ ነገር አይደለም።

ሆኖም በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ለእናቲቱ የምናስበው ልጁን ስለምታሞቅልን ብቻ ከሆነ ሰውን ዕቃ አደረግናት ማለት ነው። ልጁ የሞተ ዕለትስ? ማሞቂያነቷ አብቅቷልና ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቃትም? ሰው የሚጠየቀው ሰው ስለ ሆነ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ቃል ብልኅነቱ እዚህ ላይ ነው፤ እናቲቱን ለራሷ ሲል ይቀበላታል።

ሁለተኛው ነገር ልብን መቆጠብ ሐዘንን አለማስቀረቱ ነው። ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሚስት ከቀኗ አምስት ሳምንት ተኩል ቀደም ብላ ወንድ ልጅ ወለደች። ሁለት ኪሎ ያህል የሚመዝነው ይህ ልጅ ሳንባው ስላልበሰለ በ39 ሰዓቱ አረፈ። የዓለም ኃያል መሪ ለነበረው ሰው የዚያ ዘመን ሕክምና መፍትሔ አልነበረውም። ነገር ግን ልጁ ፓትሪክ ተብሎ ስም ወጣለት፤ ወዲያው ተጠመቀ፤ በጸሎት ተቀበረ። አባቱም እንባውን አልደበቀም። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲገቡ ሐዘንተኛዋ እናት ከባለቤቷ ጋር ባቡር ጣቢያ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ለ39 ሰዓት ልጅ ይህን ያህል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ሐዘን በሰዓት ይለካል ያለው ማን ነው? የዚያ ልጅ ወላጆች ሰባት ወር ከመንፈቅ ጠብቀውት ነበር።

በእኛ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ነገር ግን ለሞት ያሰጋ ሕፃን ቀኑን ሳይጠብቅ እንዲጠመቅ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። በእስልምናም በሰባተኛው ቀን ስም ማውጣትና ማረድ የተወደደ ነው። ሰባተኛው ቀን ልጁ በማሞቂያ ውስጥ እያለ ሲደርስ ስሙን የሚከለክለው የለም። ሃይማኖቱ በሩን ያልዘጋውን እኛ ስለምን እንዘጋዋለን? በየአልጋው ላይ «የእገሊት ልጅ» ተብሎ የተጻፈለት ጨቅላ ስም ቢኖረው፣ ቢተርፍ በስሙ ያድጋል፤ ባይተርፍም እናቱ የምታስታውሰው ሰው ይሆናል።

ለዚህ ነገር የስምጥ ሸለቆው ነባር ሥርዓት ከእኛ የከተማ ሰዎች ልማድ ሳይሻል አይቀርም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የወለደች ሴት ቀነፋ የሚባለውን ጌጥ በግንባሯ ታሥራለች። ቀነፋ ያሠረች ሴት «ወዩ» ናት፤ የተከበረች፣ የማትደፈር ማለት ነው። ባሏ እንኳ ቢመታት ወይም ቢያዋርዳት የአገሩ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው እየጮኹ ይወጣሉ። ባልየው ይቅርታ ጠይቆ፣ ካሣውን ከፍሎ ካልታረቀ አይመለሱም። እንግዲህ ይህን ሥርዓት ያወጡ ሰዎች ወላድ በራሷ ክብር የሚገባት መሆኑን፣ ያንን ክብር የሚያስጠብቅላት ደግሞ ማኅበር እንጂ የእሷ ብርታት ብቻ አለመሆኑን ተረድተው ነበር። ዛሬ በሆስፒታሉ መተላለፊያ ለተኮራመተችው ሴት ሲንቄ ይዞ የሚወጣላት ማን ነው?

ይህ የግጥም ጥያቄ አይደለም። ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳር በምትገኘው ቡታጅራ የአእምሮ ጤና ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ አንድ ጥናት፣ ከወለዱ በኋላ የሚጠብቁት የወግ አቀባበል የቀረባቸው ሴቶች ከሰው እንደ ተገለሉ ሆነው ሲከፉ ታይቷል። ቀደም ብሎ በዚያው አካባቢ በስኮትላንድ የተዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄ የድባቴ መለኪያ ሲሞከር ለገጠሩ እናቶች አላገለገለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ መለኪያ ተሽሎ ተገኘ። በአዲስ አበባ ግን የስኮትላንዱ ሠርቷል። ጭንቀት በሁሉም አገር ያለ ቢሆንም የሚናገርበት ቋንቋ አገር አገሩን ይመስላል። የእኛ እናት «አዘንኩ» ላትል ትችላለች። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴ ዝሏል» ትላለች። ጆሮ ያለው ይስማ።

አባትየውንስ ማን ጠየቀው? እሱ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት የሚሮጠው፣ ገንዘብ የሚበደረው፣ መቂ ላሉት ልጆች የሚደውለው ነው። «አይዞህ፣ ወንድ ነህ» ይባልና ያልፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ቀን ነው፤ በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ አሥር ቀን ነበር። ልጁ ግን ሳምንታትን በማሞቂያ ይቆያል። አባትየው በአራተኛው ቀን ወደ ፋብሪካው፣ ወደ መኪናው ይመለሳል። እናቲቱም ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ልጁ ጡቷ ላይ ይዋል መስተዋት ውስጥ ይዋል ከወለደችበት ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል። ሕግ አውጪዎቹ ክፉ አስበው አይመስለኝም። ያለ ጊዜው የሚወለድ ልጅ አልታያቸውም። እሱንም ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ በሆስፒታል ያለፉትን ቀናት ከፈቃዱ ላይ አለመቁጠር ይበቃል።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለን ልጁ ነገ ቢሞት ሐሰተኛ ተስፋ ሰጥተን የለምን?» ይባላል። ቃላችንን እንመርምር። «ምንም አይሆንም» የሚል ሰው ነገን አውቃለሁ ብሎ የማይፈጽመውን ቃል ይገባል። «እግዜር ይተካል» የሚል ሰው ልጁን ዛሬ በሕይወቱ ሳለ ከቁጥር ያወጣዋል፤ ልጅ ደግሞ እንደ ተሰበረ ሸክላ በሌላ አይተካም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ግን ስለ ነገ የሚናገረው የለም። የሚናገረው የሆነውን ነው። ሴቲቱ ወልዳለች፤ ከሞት ተርፋለች። ልጁ ቢኖርም ባይኖርም ይህ እውነት አይለወጥም። ከሦስቱ ቃላት ያለ ፍርሃት ሊነገር የሚገባው የነፈግናት ቃል ነው።

ቃሉን ይዞ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ባይሄድ ደግ ነው። አጥሚቱን በፔርሙስ አድርጎ ወደ መተላለፊያው ማድረስ ይቻላል። ቤት የቀሩትን ልጆች አንድ ሌሊት ማሳደር፣ እናቲቱ ጥቂት እንድትተኛ ተራዋን መጠበቅ፣ የልጁን ስም መጠየቅ ይቻላል። «እንዴት ነው ልጁ?» ከሚለው በፊት «አንቺስ እንዴት ነሽ? አንተስ?» ማለት ይቻላል። መልሱ ለቅሶ ከሆነ ማልቀስ ይፈቀድ። እናቲቱ ወይም አባትየው ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካላቸው፣ ልጁን ማየት ከተሳናቸው፣ ይልቁንም መሞትን ማንሣት ከጀመሩ ነገሩ ከጎረቤት አቅም ያለፈ ነውና ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መንገር ይገባል። ይህም እንደ ወባው ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

የልጁን ዕድሜ መቁረጥም መቀጠልም በእጃችን አይደለም። እናቱን ብቻዋን መተው ወይም አለመተው ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ልጇ በማሞቂያ ያለ ሴት የምናውቅ ካለን፣ ምን ብዬ ልግባ እያልን ደጅ አንቁም። ምን እንደሚባል ቀደምቶቻችን ነግረውናል።